«አጠገብሽ ሰው አለ?»

ሐሙስ ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። አክስቴ ቤት፣ ማዕድ ቤቱ ውስጥ ስድስት ሰዎች ቆመን በሹክሹክታ እንጨቃጨቃለን። ሳሎኑ በለቀስተኛ ሞልቷል፤ ግቢው ውስጥ የእድሩ ልጆች የድንኳኑን ብረት ሲገጣጥሙ ይሰማል። የአክስቴ ባል ካረፉ ሁለት ሰዓት አልሞላም፤ ቀብሩ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ተብሏል። የሚያጨቃጭቀን ግን ቀብሩ አይደለም። ሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው ትልቋ ልጃቸው ገና አልሰማችም።

«አሁን አይነገራትም» አለ ታላቅ ወንድሜ። «ብቻዋን ናት። በሰው አገር፣ በሰው ቤት። ራሷን ብትስት ማን ውኃ ይረጭባታል? ኮንትራቷን ትጨርስና ስትመጣ ቤቷ ገብታ ትረዳለች።»

ኮንትራቷ ሊያልቅ 14 ወር ይቀረዋል። በየሳምንቱ ዓርብ ትደውላለች፤ በደወለች ቁጥር «አባዬን አገናኙኝ» ትላለች። 14 ወር ሙሉ «ተኝቷል»፣ «ጸበል ሄዷል»፣ «ስልኩ ተበላሽቷል» የሚላት ማን ነው? ወንድሜ ለዚህም መልስ አላጣም። «ተረዳድተን እንወጣዋለን» አለ። ሦስቱ ተስማሙ። ከስድስታችን አራቱ በአንድ ወገን ቆሙ ማለት ነው።

ክፉዎች አይደሉም። ወንድሜ በዚያች ሌሊት ሬሳ ሲያጥብ፣ ሳጥን ሲያስመጣ፣ እድር ሲያስጠራ ያነጋ ሰው ነው። ልጅቷን ስለሚወዳት ነው የሚደብቃት። የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፤ በክፋት የሚደረግ ቢሆን ኖሮ ለመቃወም ይቀል ነበር።

እኔ በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ ዳኛ ልሆን አልችልም። አባቴ የሞተው የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ የማጠቃለያ ፈተና በጀመርን በሁለተኛው ቀን ነው። የሰማሁት በ11ኛው ቀን፣ የመጨረሻውን ወረቀት ባስረከብኩ በነጋታው ነው። አጎቴ ከሁለት የሰፈራችን ሽማግሌዎች ጋር ከዋዜማው መጥተው ከተማው ውስጥ አድረዋል። ንጋት ላይ የዶርሙን በር ስከፍት ሦስቱ ተደርድረው ቆመዋል። ቃል ሳይተነፍሱ ገባኝ።

ቤት ስደርስ ድንኳኑ ተነሥቷል፤ ሠልስቱ ወጥቷል። የእናቴ ድምፅ ተዘግቷል፤ እኅቶቼ ለቅሷቸውን ጨርሰው ስለ ቀብሩ ሰው ብዛት ማውራት ጀምረዋል። ለእኔ ሲባል እንደገና ተለቀሰ። የዚያን ቀኑ ለቅሶ ግን የእኔ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ የሚያለቅሱት ለእኔ አዝነው እንጂ ለአባቴ እንዳልነበረ ይታወቀኝ ነበር። ከዚያ ቀን መቁጠር ጀመርኩ። ቀብሩ ማክሰኞ ነው የዋለው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ፈተና አልነበረኝም፤ ፑል ቤት ነበርኩ። ያን ዕለት አሸንፌ ለስላሳ ጋብዣለሁ። የፑል ቤቱ ጠረጴዛ፣ የጠርሙሱ ቀለም ሳይቀር ዛሬም ፊቴ ላይ አለ።

ከሁሉም የባሰው ግን እሱ አይደለም። በእነዚያ 11 ቀናት ውስጥ ሁለት ጊዜ ቤት ደውዬ ነበር። እናቴ፣ ያውም ከል ለብሳ፣ «ደኅና ነን ልጄ፣ አባትህ ወጣ ብሏል፤ አንተ ብቻ ትምህርትህን» ብላኛለች። እንዴት ቻለችው እላለሁ። ከዚያ ወዲህ እናቴ «ደኅና ነን» ስትለኝ ስልኩን ዘግቼ እኅቴ ጋ እደውላለሁ፤ እኅቴም «ደኅና ነን» ካለች ጎረቤት ጋ። ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው። ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፌያለሁ፤ ውጤቱ የተጻፈበት ወረቀት የት እንደገባ ግን አላውቅም።

«ባህላችን ነው» የሚል አይጠፋም። እኔ ደግሞ ባህሉን ቀረብ ብሎ ያየው ሰው ሌላ ነገር ያገኛል ባይ ነኝ። መርዶ እንዴት ነበር የሚነገረው? በውድቅት ሌሊት አይነገርም፤ ሰውየው ይተኛ፣ ይደር ይባላል። በዚያ ሌሊት ግን ሌላው አይተኛም። ማን ይሂድ ተብሎ ይመከራል፤ የልብ ጓደኛ፣ የንስሐ አባት፣ ከመሥሪያ ቤት አንድ ሰው፣ ከእድር አንድ ትልቅ ሰው ይመረጣል። ልብ ድካም ያለበት ከሆነ መድኃኒቱን የሚያውቅ ይታከላል። ሊነጋጋ ሲል፣ 11 ሰዓት ተኩል ግድም፣ በሩ ይንኳኳል። በዚያ ሰዓት የተንኳኳ በር ራሱ ግማሹን ይናገራል። የቀረውን ጥለቱ ተዘቅዝቆ የተለበሰው ነጠላ ይናገራል። ትልቁ ሰው አፉን ሲከፍት ለሐዘንተኛው የሚቀረው ማን እንደሆነ መስማት ብቻ ነው። ወዲያው የሚይዘው ክንድ አለ፤ ውኃ የያዘች ሴት አለች፤ አብሮት የሚጮኽ አለ።

በዚህ ሁሉ ሂደት የሚዘገየው ነገር ሌሊቱ እስኪነጋና ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ ያለችው ሰዓት ናት። ከሐዘኑ አንዲት ፍሬ አልተነካችም። ሰውየው አባቱን ያጣል፤ ግን ብቻውን ሆኖ አያጣም። ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። የወንድሜ «ይቆይ» ከዚህ ጋር ስሙ እንጂ ግብሩ አይገናኝም። መርዶ ሰው እስኪሰበሰብ ይጠብቃል፤ የወንድሜ «ይቆይ» እስከ መቼ እንደሆነ አይታወቅም። በሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድ ደግሞ ለመዘግየት ፋታውም የለም፤ ጀናዛው ቢቻል በዕለቱ ይቀበራል፤ ተዝያው ሦስት ቀን ነው፤ ባሏ የሞተባት ሴት 4 ወር ከ10 ቀን ኢዳ ትቀመጣለች። ቀብሩ ይፈጥናል፤ ለሐዘኑ ግን የታወቀና የተከበረ ጊዜ ተለክቶ ይሰጠዋል።

ታዲያ ለምን እንደብቃለን? «እንዳትደነግጥ» እንላለን። ራሴን ስጠይቅ ግን «ስትደነግጥ እንዳላይ» የሚለው ወደ እውነቱ ይቀርባል። የሰው ዋይታ ያስፈራል፤ መሬት ላይ ሲንከባለል ማየት ያስፈራል፤ ጥፋተኛ የሆንን ያህል ይሰማናል። መርዶ ነጋሪነትን የሚሻ ማንም የለም፤ «የክፉ ወሬ አፍ» መባል አለ። ስለዚህ ነገሩን ለሌላ ጊዜ እናስተላልፈዋለን። ለእሷ ፍቅር፣ ለራሳችን ደግሞ እፎይታ ይሆናል፤ ሁለቱ በአንድ ከረጢት ስለታሠሩ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ይቸግረናል።

የደም ግፊት አለባት፣ ነፍሰ ጡር ናት የሚለውን ክርክር አልንቀውም። ግፊት ያለባት እናት ቁርሷን በልታ፣ ኪኒኗን ውጣ፣ ነርስ የሆነች የእኅት ልጅ አጠገቧ ተቀምጣ ልትረዳ ትችላለች፤ ሲደረግም አይቻለሁ። ዛሬ የወለደች አራስ ላይ ግን እኔም እጄን እሰጣለሁ፤ ጥቂት ቀን ይለፍ። መርሳት የያዛቸውን አዛውንትም ልጃችሁ ሞተ እያሉ በየቀኑ አዲስ መርዶ ማርዳት ጭካኔ ነው። እነዚህ ግን ጥቂቶች ናቸው። በተቀረው፣ «አትችለውም» ብለን ስለ ሌላ ሰው አቅም የምንፈርድበትን ሥልጣን ማን ሰጠን? አብዛኛውን ጊዜ የምንደብቃቸው ሰዎች ቤተሰቡን የሚያስተዳድሩት ናቸው። ያቺ የሪያዷ ልጅ ለአባቷ መድኃኒት ስትገዛ፣ ለቤቱ ቆርቆሮ ስትቀይር፣ ለእኅቷ ትምህርት ቤት ስትከፍል ስድስት ዓመቷ ነው። ያን ሁሉ የቻለች ሴት ለቅሶውን አትችልም ብሎ የወሰነው ማዕድ ቤት ውስጥ የቆመ ጉባኤ ነው።

የመደበቂያው ዘመንም አልፏል። ድሮ ደብዳቤ ነበር፤ ወር ይፈጃል፤ ዘመድ ሲጽፍ «ሁላችንም ደኅና ነን» ብሎ መጻፍ ይችላል። አሁን ጎረቤት የሟቹን ፎቶ ከሻማ ምስል ጋር ፌስቡክ ላይ ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ለማለት አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም። ሊቢያ ውስጥ የተሠዉትን ወገኖቻችንን ማስታወስ ይበቃል። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. የወጣው የግድያቸው ቪዲዮ በየስልኩ ሲዛመት፣ ቂርቆስ ሰፈር ውስጥ ልጆቻቸውን በዚያ ምስል ላይ ያወቁ ቤተሰቦች ነበሩ። ሽማግሌ አልተላከ፣ ንጋት አልተጠበቀ። እኛ ስንደብቅ መርዶው ዝም ብሎ ቁጭ አይልም፤ ሌላ መንገድ፣ ብዙ ጊዜም እጅግ የከፋውን መንገድ፣ ፈልጎ ይደርሳል።

በውጭ ያለው ወገናችን ይህን ከእኛ ቀድሞ ሳይረዳው አልቀረም። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ወዳጄ እንደነገረኝ፣ ከአገር ቤት የሚደወለው መጀመሪያ ለሐዘንተኛው አይደለም፤ ለጓደኛው ነው። ጓደኛው የቤተ ክርስቲያኑን ሰዎች ይጠራል፤ ሰውየው ወደ ሥራ ከመውጣቱ በፊት፣ ገና ሳይነጋ፣ መኪና ተደርድሮ በር ይንኳኳል፤ ከኋላ ምግብ የያዘ ይከተላል። አዲስ አበባ የሚደረገው ሁሉ ሳይጎድል እዚያ ይደረጋል። ያለ ሰዓቱ የደወለ ሰው «የት ነሽ? አጠገብሽ ሰው አለ?» ሲል ደግሞ የሰማው ሁሉ ጉልበቱ ይከዳዋል። አስደንጋጭ ጥያቄ ነው። ግን ከዚህ የተሻለ ጥያቄ እስካሁን አላገኘሁም።

ሐዘን የሚፈልገው አለ፤ የሚታይ፣ የሚነካ ነገር። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰው ሲያልቅ ለቤተሰብ የሚሰጥ አስከሬን አልነበረም። የሰውነት ቅሪት ተለይቶ እስኪሰጥ ወራት አለፉ። በሳምንቱ መጋቢት 8 ቀን በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ለ17ቱ ኢትዮጵያውያን 17 ሳጥኖች በሰንደቅ ዓላማ ተሸፍነው ተደረደሩ። ሳጥኖቹ ባዶ ነበሩ። ባዶ መሆናቸውን ያላወቀ አልነበረም፤ ቢሆንም ሰው ታቅፎ አለቀሰባቸው። አደጋው ከደረሰበት ስፍራ የተዘገነ አፈርም ለቤተሰቦች ተሰጥቶ ነበር። አፈር! ከሩቅ ለሚያይ ምንም ነው። እናት ግን ይህን አፈር ይዛ «ልጄ ሞተ» የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ አፍ ልትለው ትችላለች። ባዶ ሳጥን ይህን ያህል ከረዳ፣ እውነተኛውን አስከሬን፣ እውነተኛውን መቃብር ከልጅ መደበቅ ምን ያህል እንደሚጎዳ አስቡት።

ሐዘን መከልከል ቅጣት ሆኖ የሠራበት ዘመንም ነበረን። በቀይ ሽብር ወቅት ልጃቸው የተገደለባቸው እናቶች ጮኸው እንዳያለቅሱ፣ ጥቁር እንዳይለብሱ ተከልክለዋል፤ የተገደለበትን የጥይት ዋጋ ከፍለው አስከሬን የወሰዱም አሉ። መስቀል አደባባይ ጥግ ያለው የሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. ሲከፈት ሰው ከሠላሳ ዓመት በላይ አምቆ የያዘውን ለቅሶ ፎቶ ግራፎቹ ፊት ቆሞ ሲያወጣ ታይቷል። ትግራይ ውስጥም ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ ዓመት ሊደፍን ጥቂት ሲቀረው ነው ለተሠዉት ተዋጊዎች ቤተሰቦች በይፋ መርዶ የተነገረው፤ ከጥቅምት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮም የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ። ያን ያህል ጊዜ በር በር ሲያይ የኖረ ወላጅ ምን ይል ይሆን? ተስፋ ነበረኝ ይላል ወይስ አስጠበቃችሁኝ? መንግሥት ሲያደርገው የሚያስቆጣንን ነገር ቤታችን ውስጥ «ለእሷው ብለን ነው» እያልን እንደምናደርገው ግን ልብ አንልም።

መርዶው ከተነገረ በኋላም ከለላው አያበቃም፤ መልኩን ይቀይራል። «በቃ፣ አታልቅሺ፤ ሟቹን ያስጨንቀዋል» ይላል አንዱ። «ለልጆችሽ ስትይ ጠንክሪ» ይላል ሌላው። ቀብር ላይ «እሷ አትችልም፣ መኪና ውስጥ ትቆይ» ይባልና ሚስት የባሏን መቃብር ሳታይ ትመለሳለች። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ከለቅሶው ገና ሳይበርድ የእንቅልፍ ኪኒን ይሰጣታል፤ ስትነቃ ሰዉ ሄዷል። አንዲት የማውቃት ሴት ከቀብር ስትመለስ እኅቶቿ የባሏን ልብስ በሙሉ አስወጥተው፣ ፎቶውን ከግድግዳ አውርደው ጠበቋት። «እንዳታየው ብለን ነው» አሏት። ለሦስት ወር ያህል አንድ ኮት ስትፈልግ ከረመች። ቡናማ ኮት፤ የቀኝ ኪሱ የተቀደደ። ለማን እንደተሰጠ የሚያስታውስ ሰው ጠፋ።

የሚገርመው፣ ድንኳኑን የፈጠሩት አባቶቻችንና እናቶቻችን ከዚህ ሁሉ የተሻለ መላ ነበራቸው። ሙሾ አውራጇ ሟቹን በስሙ እየጠራች፣ ያረሰውን፣ ያበላውን፣ የተጣላውን ሳይቀር እያነሣች ታስለቅሳለች፤ ከዚያ ትቆማለች። ንፍሮ ይቀርባል። ማታ ደግሞ በድንኳኑ ጥግ ካርታ ይጫወታሉ፤ አንዱ የሟቹን ቀልድ ያወራል፤ ሐዘንተኛው ዕንባው ሳይደርቅ ይስቃል። ልጅ ሆኜ ይህን ሳይ ንቀት ይመስለኝ ነበር። ኋላ ላይ ሆላንድ ይሠሩ የነበሩት ምሁራን ማርጋሬት ስትሮቤና ሄንክ ሹት በ1999 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን ሳነብ ፈገግ አልኩ። ሐዘንተኛ ከሐዘኑና ከዕለት ኑሮው መካከል ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ነው የሚያገግመው ይላሉ፤ አንዱ ላይ ብቻ ተቸክሎ መቅረት ነው ጉዳቱ። ይህንኑ ነገር የሰፈራችን እድር በካርታና በንፍሮ ሲያደርገው ኖሯል። ብዙ የሚጠቀሰው የኤልሳቤት ኩብለር-ሮስ የአምስት ደረጃዎች ነገርም አለ። እሷ በ1969 እ.ኤ.አ. የጻፈችው በመጀመሪያ ስለሚሞቱት ሕሙማን እንጂ ስለ ሐዘንተኞች አልነበረም። ሰው ግን ደረጃ ሲያገኝ ይወዳል፤ «አሁን ንዴት ላይ ናት» እያለ የጎረቤቱን ለቅሶ ሲመድብ ሰምቻለሁ። ዝም ብሎ አጠገቧ ቢቀመጥ ይሻላት ነበር።

ልጆች ላይ ስንደርስ ውሸታችን ወደር የለውም። የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ አለ። አባቱ ሲሞት «አሜሪካ ሄዷል» ተባለ። ጥሩ ውሸት ይመስላል፤ ዘመድ ያልሄደበት ልጅ የለማ። ልጁ በረንዳ ላይ ቆሞ ከቦሌ የሚነሡትን አውሮፕላኖች ይቆጥራል። የሌላው ልጅ አባት ከአሜሪካ ይደውላል፤ የእሱ አይደውልም። አንድ ቀን ከሴት ልጄ ጋር ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ ሰማሁት። «የእኔ አባት እኮ ተቀይሞኝ ነው የማይደውለው። ብስክሌቱን ሰብሬበት ነበር።»

ማንም ያልነገረውን ምክንያት ልጁ ራሱ ፈጠረ፤ ራሱንም ጥፋተኛ አደረገ። እኛ ትልልቆቹ ሞትን ስንሸሽግለት እሱ ደግሞ መጠላትን ተሸከመ። እናቱ ይህን ስትሰማ ልትናገር ሞከረች፤ አልወጣላትም። በመጨረሻ አያቱ ከደብረ ብርሃን መጡ። «ተኝቷል» አላሉትም፤ እንዲህ የተባለ ልጅ ማታ መተኛት ይፈራል። «አባትህ ሞቷል። የሞተ ሰው አይመለስም፤ አይደውልም። ሊደውልልህ ጠልቶ አይደለም» አሉት። ወስደው መቃብሩን አሳዩት። እናቱ እንደነገረችኝ አላለቀሰም። «ዝናብ ሲዘንብስ?» ብሎ ጠየቀ። አያትየው ድንጋዩን በእጃቸው መታ መታ አደረጉና «ይኸው፣ አያስገባም» አሉት። ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ «ብስክሌቱንስ ያውቅ ነበር?» አላቸው። «ያውቅ ነበር፤ ይስቅ ነበር» አሉት። ለቅሶው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በእኛ አገር ሰው ሲሞት ሰው አይጠፋም፤ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። የሚጠፋው በኋላ ነው። ሠልስት ይወጣል፤ አርባው ይወጣል፤ ወንበሩ ለእድሩ ይመለሳል። በ41ኛው ቀን ማን ይመጣል? ከዚያ ወዲህ የሟቹን ስም መጥራት እንኳ እንፈራለን፤ «እንዳናስታውሳት» እንላለን፤ እሷ ደግሞ የረሳችበት ሰዓት የለም። ስሙን ስንጠራ ፊቷ ይጠቁራል፣ ዕንባዋ ይመጣል፣ እኛም «ምነው አፌን በያዝኩት» እንላለን። ጠይቃችኋት ታውቃላችሁ? እኔ የጠየቅኳቸው ሐዘንተኞች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚሉት አንድ ነው፤ ስሙን የሚጠራ ሰው ናፈቀኝ። ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ከእሷ ጋር የውርስ ፋይል ይዞ ወረዳ የሚሰለፍ ሰው፣ የባሏን ስልክ ከባንክ ሒሳቡ ላይ ሲያስነሡ አጠገቧ የሚቆም ሰው፣ ልብሱን ስታጣጥፍ «ይቺን ሠርጋችሁ ላይ ነው የለበሳት?» የሚላት ሰው። ለእሷ ማጣጠፍ አይደለም፤ አብሮ ማጣጠፍ። ሥራ ሁሉ ከእጇ ሲወሰድ የሚቀራት ግድግዳ ማየት ብቻ ነው። ከስድስት ወር በኋላም ከአልጋ መነሣት፣ መብላት፣ ልጅ ማየት ካቃታት ግን ወዳጅነት ብቻ አይበቃም፤ የዓለም ጤና ድርጅት የተራዘመ ሐዘንን ሕክምና የሚያሻው ሁኔታ ብሎ መዝግቦታል፤ ወደ ሐኪም አብሮ መሄድ የዘመድ ተራ ነው።

ወደ ማዕድ ቤታችን ልመለስ። ጭቅጭቁ አልበረደም። እዚያ የቆምነው ስድስታችንም ያልጠየቅነው ሰው እንዳለ የታወሰኝ ዘግይቶ ነው። ሳሎን ገብቼ አክስቴ አጠገብ ተንበረከክሁ። «እትዬ፣ ለልጅሽ እንንገራት ወይስ ይቆይ?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «አባቷን ሳትሸኝ? ምን በድላን?» አለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ አላስፈለገም። ወንድሜ ሲሰማ ግድግዳውን ተደግፎ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ።

እዚያው ከተማ የምትሠራ የሰፈራችን ልጅ በኢሞ አገኘናት። ሪያድና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነው፤ ይህ ረዳን። ዓርብ ንጋት ላይ ታክሲ ይዛ ሄደች። የአክስቴን ልጅ ማዳም፣ አሠሪዋን፣ አስቀድማ አስቀስቅሳ ነገረቻት፤ ማዳሟ አንድ ክፍል ለቀቀችላቸው። 12 ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው አክስቴ እጅ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። የልጅቷን ጩኸት ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰማው፤ እሷም የእኛን ሰማች። ለግማሽ ሰዓት ያህል ማንም ስልኩን አልዘጋም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቪዲዮ ከፍተን ወደ ቀብሩ ወጣን። ስልኩን የያዘው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ እጁን ከሰዉ ራስ በላይ ዘርግቶ ይከተላል። ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። ሲመለስ የመጀመሪያ ቃሏ «የት ደረሳችሁ?» ነው። «ፍትሐቱ ላይ» ይላታል፤ «ወደ ሳጥኑ አዙርልኝ» ትላለች፤ ያዞራል። እጁ ሲዝል እኔ ተቀበልኩት፤ ከእኔ ወንድሜ። ሳጥኑን እየተቀያየሩ እንደሚሸከሙት ስልኩንም ተሸከምነው። አፈር መመለስ ሲጀመር ባትሪው 12 በመቶ ላይ ደርሶ ነበር። ከኋላዬ የቆመ፣ ስሙን እንኳ የማላውቀው የእድሩ ልጅ ከጃኬቱ ኪስ ፓወር ባንክ አውጥቶ ሰካልን።